ጄት የወለደው ሜዳ

በ1952 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጄት ለመግዛት ሲነሣ፣ ከአውሮፕላኑ የቀደመው ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ነበር። የታሰበው ቦይንግ 720 የሚባለው ባለአራት ሞተር አውሮፕላን ነው። አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ የነበራት ማረፊያ ደግሞ ልደታ ነው፤ መንደርደሪያው ለዳኮታ እንጂ ለጄት አይበቃም። ስለዚህ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ዳር፣ ገና እርሻና ግጦሽ በነበረው በቦሌ ሜዳ፣ አዲስ ማረፊያ እንዲሠራ ተወሰነ። ዛሬ በዓመት ሚሊዮኖች የሚያልፉበት የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የተወለደው እንዲህ ነው። ከተማዋ ጠይቃው አይደለም፤ አንድ አውሮፕላን አስገድዶ ነው።

የኋላ ታሪኩም ከዚህ አልራቀም። ቦሌ በየዘመኑ ሲሰፋና ሲለወጥ፣ ሲጨናነቅና መልሶ ሲገነባ፣ አውሮፕላኑ ይቀድማል፤ ሜዳው ይከተላል።

አውሮፕላን ራሱ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አልነበረም። የመጀመሪያው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከከተማው በስተምዕራብ ገፈርሳ ላይ አረፈ። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን ከጅቡቲ አብርሮ ያመጣው አንድሬ ማዬ ነው፤ መጠሪያውም «ንስረ ተፈሪ» ነበር። ገፈርሳ ያኔ ማማም አስፋልትም የሌለው ባዶ ሜዳ ነበር። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ጥቅምት 1923 ዓ.ም. ደግሞ፣ የዘውድ በዓሉ ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከኒው ዮርክ ሐርለም የመጣው ጥቁሩ አብራሪ ሂዩበርት ጁልያን የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አውሮፕላን አስነሥቶ ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀላት። እሱ ተርፎ ከአገር ውጣ ተባለ። ባሕር ዛፍ መቼም በአዲስ አበባ ታሪክ የማይገባበት ቦታ የለም።

አየር መንገዱ የተቋቋመው ከጦርነቱ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም.፣ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ነው። ከጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ተገዙ፤ ዳኮታ ይባሉ የነበሩት እነዚህ ናቸው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። መንገደኛው የሚቀመጠው በአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ይተያያል፤ ጭነቱ መሐል ላይ ታስሮ ይሄዳል። ዳኮታ ብዙ የሚጠይቅ አውሮፕላን አይደለም። ሣር ላይም ያርፋል፣ ጠጠር ላይም ያርፋል። መኪና የማይገባባቸው የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ከጊደርና ከበግ በቀር ሌላ ከልካይ በሌለው ሜዳ ላይ የሚቀበሉት በዚህ ምክንያት ነበር። ለእንዲህ ያለ አውሮፕላን ልደታ ከበቂ በላይ ነው። ዛሬ በረራው ከዚያ ከሄደ ስድሳ ዓመት ቢያልፈውም፣ በአካባቢው ያለው ሰፈር «ኦልድ ኤርፖርት» መባሉ አልቀረም።

ጄቱ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። አየር መንገዱ የመረጠው የ720ን «ቢ» ሞዴል ነው፤ ሞተሩ ኃይለኛ ስለነበር ለደጋ ማረፊያ ይስማማ ነበር። ሁለቱ ጄቶች ኅዳር 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። የቦሌ መንደርደሪያና መቆጣጠሪያ ማማም በዚያው ሰሞን ለሥራ ደረሱ። ጥር ላይ የመጀመሪያው የጄት በረራ ወደ ናይሮቢ ሄደ። ማረፊያው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተባለ፤ ሕዝቡ ግን ከመጀመሪያውም ቦሌ ነው ያለው።

አዲሱ ሜዳ ስድስት ወር ሳይሞላው ትልቁ ፈተና መጣበት። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። ናስር፣ ንክሩማ፣ ኔሬሬ፣ ሴኩ ቱሬ፣ ሴንጎር፤ ብዙዎቹ ከቅኝ ግዛት የወጡት በቅርብ ዓመታት የነበሩ አገሮች መሪዎች ናቸው። ግንቦት 17 ቀን የ32 አገሮች ተወካዮች ቻርተሩን ፈረሙ። ቦሌ ለዚያ ወር ባይደርስ ኖሮ ያን ሁሉ ልዑክ በልደታ ማስተናገድ ከባድ ይሆን ነበር። አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና ለመባሏ ዲፕሎማሲው ብዙ ይወራለታል፤ ለአስፋልቱ የሚሰጠው ምስጋና ግን ያንሰዋል። ከማረፊያው ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው የቦሌ መንገድ በይፋ የአፍሪካ ጎዳና መባሉም ያለነገር አይደለም። ያው ጎዳና ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በተኩስ ተናወጠ። ለስብሰባ የመጡት የግብጽ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ ሲወጡ ታጣቂዎች መኪናቸውን አጠቁ። ሾፌራቸው መኪናውን አዙሮ ወደ ማረፊያው መለሳቸው፤ ፕሬዚዳንቱም ወዲያው ወደ ካይሮ ተመለሱ።

ቦሌን ከብዙ የዓለም ማረፊያዎች የሚለየው ከፍታው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህ አውሮፕላንን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ቀጭን ስለሆነ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩ የሚስበው አየርም ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ አየሩ ይብሱን ይሳሳል። ፍጥነት ለማግኘት ያለው መላ ረጅም ሩጫ ነው። የቦሌ ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች አንዱ 3,800፣ ሌላው 3,700 ሜትር የሚሆኑት ለዚህ ነው። ከቦሌ በሞላ አውሮፕላን የተነሣ ሰው ልብ ብሎ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ሮጦ ሮጦ «አይነሣም እንዴ?» እስኪያሰኝ ይቆያል።

ያም ሆኖ ሩጫው ሁሉን አይፈታም። አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ጭነት በአንድ ጊዜ ይዞ ከቦሌ ሊነሣ አይችልም፤ አንዱ መቀነስ አለበት። አሜሪካ ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ፊዚክስ ከወንበሩ ሳይነሣ ተምሮታል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ አውሮፕላኑ እንደየዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል። ደብሊን ላይ መንገደኛው ቀበቶውን ፈትቶ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አየርላንድ ደረስኩ የሚለው በመስኮት ያየውን ጨለማና የነዳጅ መኪና ብቻ ነው። ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል፤ የዋሽንግተን ማረፊያ ቆላ ነውና፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። አየር መንገዱ ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲስ ቦይንግ 767 ሲረከብ፣ ባለሁለት ሞተር መንገደኛ አውሮፕላን እስከዚያ ያልሄደውን 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያቋርጥ በርሮ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ጉዞው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ነበር። በተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ ቦሌ አይፈቅድም ነበር።

አብዮቱ የንጉሠ ነገሥቱን ስም ከማረፊያው ላይ አወረደና የሰፈሩ ስም ብቻ ቀረ። በደርግ ዘመን ለብዙ ወጣት ቦሌ ከማረፊያነቱ ይልቅ የተዘጋ በር ነበር። ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያገኝ ጥቂት ነው። «በቦሌ ወይ በባሌ» የሚለው የዘመኑ አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው፤ የተፈቀደለት በአውሮፕላን፣ ያልተፈቀደለት በእግሩ ድንበር አቋርጦ። ዛሬም ሰው አንድን ነገር በማናቸውም መንገድ ለማድረግ ሲቆርጥ የሚለው ይህንኑ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ሲበረታ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ሰፍረው እህል ወደ ሰሜን ያመላልሱ ነበር፤ የሶቪየት አንቶኖቮችም እንዲሁ። ሌላ ቦታ በጠላትነት የሚተያዩ ሁለት ጦሮች በኢትዮጵያ ሰማይ ስንዴ ተሸክመው ተላለፉ። መውረጃ በሌለበት ተራራማ ቦታ ሄርኩሊሶቹ ዝቅ ብለው የእህሉን ጆንያ በክፍት በራቸው ይጥሉት ነበር።

ቦሌ ያየው ትልቁ ትርምስ ግን የ1983 ግንቦት ነው። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የኢሕአዴግ ጦር ከተማዋን ሊይዝ ሲቃረብ፣ የሰሎሞን ዘመቻ ተጀመረ። ከጎንደርና ከሌሎችም አካባቢዎች መጥተው አዲስ አበባ ሲጠባበቁ የከረሙ ቤተ እስራኤላውያን ከእስራኤል ኤምባሲ ግቢ በአውቶቡስ ወደ ቦሌ ተጓዙ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይጠፋፋ በየግንባራቸው ቁጥር ተለጥፎባቸው ነበር። ከ30 በላይ የኤል አልና የእስራኤል አየር ኃይል አውሮፕላኖች በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው አነሡ። ብዙ ሰው ለመጫን ወንበሮቹ ተነቅለው ነበር። አንዱ ቦይንግ 747 ከ1,000 በላይ ሰው በመጫን በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ገባ፤ በበረራ ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ከቁጥሩ ገብተዋል። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ታሪኩ በቦሌ አስፋልት ላይ ማለፉ አይቀርም። ዘመቻው ካበቃ በሦስተኛው ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የማስፋፊያ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛው መንደርደሪያ ተሠራ፤ የቀድሞውም ለትልልቆቹ 747 እና 777 አውሮፕላኖች እንዲበቃ ተስተካከለ። ጥር 13 ቀን 1995 ዓ.ም. ተርሚናል ሁለት ተመረቀ። ለዘመኑ ኢትዮጵያ መስታወትና ብረት የለበሰ ያን ያህል ሕንፃ ብርቅ ነበር። አሮጌው ተርሚናል ለአገር ውስጥና ለአካባቢው በረራ ቀረ። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን ተረከበ። እዚህም አውሮፕላኑ ሜዳውን ቀደመው፤ መንገደኛው ከተርሚናሉ አቅም በላይ ሆነና አዳራሹ መጨናነቅ ጀመረ።

የጭንቅንቁን ምክንያት ለመረዳት የቦሌን ሌሊት ማወቅ ያስፈልጋል። በረራው በቀን ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። ምሽት ላይ ከሌጎስ፣ ከሉሳካ፣ ከኪንሻሳ፣ ከኪጋሊ የሚመጡት ተከታትለው ያርፋሉ፤ እኩለ ሌሊት ገደማ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጓንጁ፣ ወደ ፍራንክፈርት የሚሄዱት ይነሣሉ። ሲነጋ ነገሩ ይገለበጣል። ከእስያና ከአውሮፓ የመጡት ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ ይወርዱና ከ2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ለአፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት ቦሌ የመርካቶ የቅዳሜ ገበያ ነው፤ በመካከሉ ጸጥ ይላል። አብዛኛው መንገደኛ አዲስ አበባን አያያትም። ጓንጁ ዕቃ ሊገዛ የሚሄደው የምዕራብ አፍሪካ ነጋዴ የሚያውቃት ኢትዮጵያ የፍተሻው ሰልፍ፣ የበሩ ቁጥርና ምናልባት በአዳራሹ ጥግ ረከቦት ዘርግታ ቡና የምታፈላው ልጅ ናት። እሷ ዘንድ የተቀመጠ እንግዳ ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርስ የበረራው ጥሪ ይደርሳል።

ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የተስፋፋው ተርሚናል በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተመረቀ። በቻይና ብድር፣ በቻይና ተቋራጭ የተሠራ ሲሆን 363 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ የማረፊያው አቅምም በዓመት ከ7 ሚሊዮን ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ከፍ አለ ተባለ። በዚያው ዕለት ከማረፊያው አጠገብ 373 ክፍል ያለው ስካይላይት ሆቴል ተከፈተ፤ ኋላም ተስፋፍቶ ክፍሎቹ ከ1,000 አልፈዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማረፊያዎቹን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአየር መንገዱ ቡድን ሥር ገብቶ ስለነበር፣ ማረፊያውም ሆቴሉም በረራውም የአንድ ባለቤት ነው።

ከምረቃው በስድስት ሳምንቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት፣ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ገደማ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157ቱም ሰዎች አለቁ። የመጀመሪያው ጄት የተመረቀበት የናይሮቢ መስመር የአየር መንገዱን እጅግ መራራ ቀን ያየው በዚህ ነው።

የመንገደኛው ብዙ ይወራለታል፤ የጭነቱ ግን ጓዳ ነው። ሰኔ 2009 ዓ.ም. አዲሱ የካርጎ ተርሚናል ሲመረቅ ከነባሩ ጋር የማረፊያው የጭነት አቅም በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን ተጠጋ። ጽጌረዳ የሚያመርቱት እርሻዎች ከዝዋይና ከሆለታ በቀዝቃዛ መኪና ያመጡት አበባ በቀዝቃዛው ክፍል አድሮ በሌሊት አውሮፓ ይገባል። የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ የጭነት ጓዳ ዋጋውን አሳየ። የመንገደኛ አውሮፕላኖች በዓለም ዙሪያ ሲቆሙ፣ ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ የላኩት ጭምብልና መመርመሪያ መጋቢት 13 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ከዚያ ለየአገሩ ተከፋፈለ። ሚያዝያ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሰብአዊ ዕርዳታ የአየር ማዕከሉን ቦሌ ላይ ከፈተ። መንገደኛ አውሮፕላኖችም ወንበራቸው እየተነሣ ጭነት ተሸከሙ፤ አየር መንገዱም ብዙ ተወዳዳሪዎቹ በመንግሥት ገንዘብ ሲደጎሙ ያን ዘመን በካርጎ ተሻገረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልታሰበለት አንድ ሰው አለ፤ እሱም ሸኚው ነው። የኢትዮጵያዊ ጉዞ የአንድ ሰው ጉዞ አይደለም። ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄደውን ልጅ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤትና የሰፈር ጓደኛ ይሸኛታል። ወደ አሜሪካ የሚመለሰው ደግሞ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤና ዳቦ ቆሎ ተጭኖ ይመጣል። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ 23 ኪሎ አልፎ ይገኝና እዚያው ወለሉ ላይ ይከፈታል፤ «በርበሬውን በእጅ ሻንጣ አድርገው»፣ «ጫማውን ተወው፣ እትዬ የላኩትን ግን እንዳትተው» እያለ ተጓዡ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ሸኚው ግን ይህን ክርክር አያየውም፤ ትኬት የሌለው ከበሩ አያልፍምና። ውጭ፣ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ፣ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ ስልክ እስኪደወልለት ይቆማል። ለጸጥታ ሲባል መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም ለትራንዚት መንገደኛ ያን ያህል ሲገነባ ለሸኚና ለተቀባይ ጥላ ያለው ሰፊ መቀመጫ ቀድሞ አለመታሰቡ የዕቅዱ ጉድለት ነው።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን ሸኚም ተጓዥም ሳይለይ አለቀሰ። ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኛ በረራ ከቦሌ ወደ አሥመራ ተነሣ። ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ ሁለተኛ አውሮፕላን ወዲያው ተከተለ። አሥመራ ላይ አባት ከልጁ፣ እህት ከወንድሟ ተቃቀፉ። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ካይሮ ሲሄድ በመጀመሪያ የረገጣት ከተማ አሥመራ ነበረች። መስመሩ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. እንደገና ተቋረጠ።

ቦሌ አሁን ተከቧል። በ1955 ዓ.ም. ዳር የነበረው ሜዳ በገርጂ፣ በቦሌ ሚካኤል፣ በቡልቡላና በሌሎችም ሰፈሮች መሐል ቀርቷል፤ ሦስተኛ መንደርደሪያ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። አየር መንገዱ በ2016 በጀት ዓመት ከ17 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አጓጉዟል፤ በዚህ አካሄድ የማረፊያው ጣሪያ ሩቅ አይደለም። መልሱ እንደገና ሜዳ መለወጥ ሆኗል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ አጠገብ ለሚሠራው ማረፊያ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዳር አል-ሃንዳሳ ከተባለው አማካሪ ድርጅት ጋር ውል ተፈረመ፤ የተርሚናሉ ንድፍ የዛሃ ሐዲድ የሥነ ሕንፃ ድርጅት ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይይዛል። ለዚህ ሲባል ከእርሻቸው የሚነሡ ገበሬዎች አሉ፤ የአዲሱ ማረፊያ ታሪክ ከአስፋልቱ ርዝመት ጋር እነሱንም መቁጠር ይኖርበታል።

ልደታን የሚያስታውሱ፣ የመጀመሪያውን ጄት ቦሌ ላይ የተቀበሉ ቴክኒሻኖች፣ የማማ ሠራተኞችና አስተናጋጆች ዛሬ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው። አየር መንገዱ ወደ ቢሾፍቱ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት የእነዚህን ሰዎች ቃል በድምፅ ይቅዳ። በየቤቱ አልበም ውስጥ የልደታ ወይም የቀድሞው ቦሌ ፎቶግራፍ ያለው አንባቢም ከጀርባው ዓመቱንና የሰዎቹን ስም ጽፎ አንድ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያስረክብ።